በሽታው ስንት ቀን ቆየ? የአባላዘር በሽታ ስርጭት በኮምፒውተር ሞዴል እንዴት ይጠናል

የአባላዘር በሽታ ወሬ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ ቶሎ ወደ ስነምግባር ነው የሚገባው። ወጣቱ ተበላሸ፣ ፔንሲዮን በዛ፣ ግሮሰሪ በዛ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ጠፋ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ጫፍ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፣ ይሄን ወሬ ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም እሰማዋለሁ፣ የሚያወሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፣ ለልጆቻቸው ተጨንቀው ነው። ግን ወሬው አንድ ቀላል ጥያቄ አይመልስልንም። ጨብጥ መድኃኒቱ ታውቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መርፌ እየዳነ፣ ለምንድነው ከሰፈር ጠፍቶ የማያውቀው? ይሄን የሚመልሰው ሂሳብ ነው። ሂሳቡ ደግሞ እንደሚፈራው አይደለም፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ይገባዋል፣ ስለዚ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ሞዴል የሚባለው ነገር ምንድነው። ሰዎችን በሳጥን በሳጥን መከፋፈል ነው፣ በቃ። አንዱ ሳጥን ውስጥ በሽታው የሌለባቸው ሰዎች አሉ፣ ሌላው ውስጥ የያዛቸው። በየቀኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚገቡ አሉ፣ ታክመው የሚወጡም አሉ። የኮንዶሚኒየም ሰው ከሆናችሁ ሮቶ አስቡ፣ ውሃ ከላይ ይገባል ከታች በቧንቧ ይወጣል፣ የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ሮቶው ይሞላል፣ ካነሰ ይጎድላል፣ እኩል ከሆነ ደግሞ ውሃው እየተንቀሳቀሰም ከፍታው አይለወጥም። በሽታ አለቅ ሲል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ዓመት ከዓመት ሲቀመጥ፣ እንደዛ ሆኖ ነው።

ከበሽታ በሽታ ሳጥኖቹ ይለያያሉ። ኩፍኝ አንዴ ከያዘህ ሁለተኛ አይዝህም፣ ስለዚ "የዳነ" የሚል ሦስተኛ ሳጥን ያስፈልገዋል። ጨብጥ ግን ምንም መከላከያ ሰውነት ውስጥ ትቶ አይሄድም፣ ዛሬ ታክመህ በሳምንቱ ሊይዝህ ይችላል፣ ስለዚ የዳነው ሰው ወደ መጀመሪያው ሳጥን ይመለሳል። ኤችአይቪ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ የገባ አይወጣም፣ ግን ሳጥኑ ውስጡ ይከፋፈላል፤ ገና የያዘው (የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ቫይረሱ ደም ውስጥ በጣም ስለሚበዛ ማስተላለፉም ይበረታል)፣ ብዙ ዓመት ያለ ምልክት የሚኖረው፣ መድኃኒት የጀመረው፣ ያልጀመረው እያለ።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ሮናልድ ሮስ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1902 ኖቤል ያገኘው ሰውዬ፣ በኋላ የወባን ስርጭት በሂሳብ መጻፍ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ኤደንብራ ውስጥ ከርማክ እና ማኬንድሪክ የሳጥኑን ሂሳብ በደንብ አስቀመጡት። ከርማክ ላብራቶሪ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ አይኑን ያጣ ኬሚስት ነበር፣ ሂሳቡን የሠራው ሳያይ ነው፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። የዛን ጊዜ ኮምፒውተር የለም። ዛሬ የእነሱን ሂሳብ አንድ ተማሪ ኤክሴል ላይ በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ የያዘው ሰው በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል? ከአንድ በላይ ከሆነ በሽታው ያድጋል፣ ከአንድ በታች ከሆነ ቀስ እያለ ይጠፋል። ይሄ ቁጥር የሚገኘው ሦስት ነገር በማባዛት ነው። አንደኛ፣ የያዘው ሰው ከአንድ ጓደኛ ጋር ሲሆን የማስተላለፍ እድሉ ስንት ነው። ሁለተኛ፣ በዓመት ስንት አዲስ የወሲብ ጓደኛ ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ማስተላለፍ እየቻለ ስንት ጊዜ ይቆያል። የመጀመሪያውን ኮንዶም ያወርደዋል። ሁለተኛው ላይ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ወላጁም ቀን ከሌሊት ይመክራል። ሦስተኛውን ግን፣ የቆይታውን ጊዜ፣ ማንም አያነሳውም፣ የኔም ጽሑፍ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ያመጣኋቸው ለማስረዳት ብቻ ነው፣ የአንድም ሰፈር እውነተኛ ቁጥር አይደሉም። 1000 ሰው ያለበት ሰፈር አለ እንበል። 950ዎቹ በዓመት አንድ አንድ አዲስ ጓደኛ አላቸው፣ 50ዎቹ ደግሞ 20 20። አማካዩ ስንት ይመጣል? 950 ሲደመር 1000፣ ለ1000 ሲካፈል፣ 1.95። ሁለት እንኳን አይሞላም። የማስተላለፍ እድሉ ግማሽ ይሁን፣ ማለትም 0.5። የቆይታው ጊዜ ግማሽ ዓመት፣ እሱም 0.5። አባዙት፦ 0.5 በ1.95 በ0.5፣ 0.49 አካባቢ ይመጣል። ከአንድ በታች ነው። እንደዚ ስሌት ከሆነ ይሄ ሰፈር ውስጥ ምንም ሳይደረግ ጨብጥ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

አይጠፋም ግን። ለምን መሰላችሁ፣ 20 ጓደኛ ያለው ሰው በሽታው እሱን የማግኘት እድሉ ከሌላው 20 እጥፍ ነው፣ ከያዘው በኋላ ደግሞ የሚያደርስባቸው ሰዎች 20 እጥፍ ናቸው። 20 በ20 ነው፣ 400። ስለዚ አማካይ ስናሰላ ሰዉን እኩል መቁጠር አንችልም፣ በሽታው ራሱ እኩል አይቆጥረውምና። እንደገና እናስላ፦ 950 ሰው በ1፣ 950። 50 ሰው በ400፣ 20,000። ድምሩ 20,950፣ ለጠቅላላው የጓደኛ ብዛት ለ1,950 ሲካፈል 10.7 ይመጣል። ያው 1000 ሰው፣ ያው ሰፈር፣ ግን በበሽታው አይን "አማካዩ" 1.95 ሳይሆን 10.7 ነው። አሁን አባዙት፣ 0.5 በ10.7 በ0.5፣ 2.7 ገደማ። እያንዳንዱ የያዘው ሰው ወደ ሦስት ለሚጠጋ ሰው ያደርሳል ማለት ነው። ሮይ አንደርሰን እና ሮበርት ሜይ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ኤችአይቪ ሲጽፉ ከዋና ዋና ነጥቦቻቸው አንዱ ይሄ ነበር፣ አማካዩ ብቻ አይበቃም፣ ሰዉ ከአማካዩ ምን ያህል ተራርቆ እንደተበተነ ማወቅ አለብን የሚለው። ከነሱ በፊት ደግሞ ሄትኮት እና ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካን ጨብጥ ሲያጠኑ ጥቂት ሰዎች ያሉበት አንድ ማዕከል ባይኖር በሽታው ራሱን ችሎ መቆም እንደማይችል በሂሳብ አሳይተው ነበር።

አሁን ሦስተኛውን ቁጥር እንነካካው። ማንም ሰው ጠባዩን አልለወጠም እንበል፣ ኮንዶምም አልጨመረም፣ ብቻ የቆይታው ጊዜ ከስድስት ወር ወደ ሁለት ወር ወረደ። 2.7 የነበረው 0.9 ይሆናል። ከአንድ በታች! በሽታው መጥፋት ጀመረ። አንድም ስብከት ሳይጨመር፣ ሰው ቶሎ ስለታከመ ብቻ።

ይሄ አይበቃም፣ ሌላም እንሞክር፣ የሞዴል ጥቅሙ እኮ ሰው ላይ መሞከር የማይቻለውን ወረቀት ላይ መሞከር ነው። 950ዎቹን በአንድ ወር ውስጥ እያከምን 50ዎቹን እንደነበሩ ብንተዋቸውስ? ቁጥሩ ከ2.7 ወደ 2.6 ነው የሚወርደው፣ ያን ሁሉ ለፍተን። ገልብጡት፣ 950ዎቹ እንደነበሩ ስድስት ወር ይቆዩ፣ 50ዎቹ ግን በአንድ ወር ውስጥ ህክምና ያግኙ። 0.55። ይሄን መጀመሪያ ስሰራው ቁጥሩን ማመን አቅቶኝ ደጋግሜ ነው ያሰላሁት። 50 ሰው በጊዜ ሲታከም የተጠበቁት 950ዎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ በጣም አደራ የምለው ነገር አለ። ይሄን ቁጥር አንብቦ "እንግዲያው 50ዎቹን ማሰር ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ሂሳቡ የሚለው ተቃራኒውን ነው። እነዚህ 50 ሰዎች እነማን ናቸው? በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉበት፣ ከነሱ ጋር የሚያድሩ ወንዶች አሉበት (ስለነሱ ማንም አያወራም)፣ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፣ ደላላ አለ፣ ጥሩ ደሞዝ ያለው ባለትዳር አለ። ደግሞ ሁሌ አንድ አይነት ሰዎች አይደሉም፣ አንዱ ይወጣል ሌላው ይገባል። አፈሳ ሲመጣ ሴቶቹ ሰፈር ይቀይራሉ፣ ወደሚያውቋት ነርስ መሄድ ያቆማሉ፣ ያኔ የቆይታው ጊዜ ከአንድ ወር ወደ ስድስት ወር ይዘላል፣ ቁጥሩም ከ0.55 ወደ 2.7 ይመለሳል። ሰው ያዋረደ ጤና ጣቢያም እንደዛው ነው። አንዲት ሴት ካርድ ክፍል ላይ በሰው ፊት "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ተብላ በጩኸት ከተጠየቀች ሁለተኛ አትመለስም፣ ያ ጩኸት ራሱ ወደ ሂሳቡ የሚገባ ቁጥር ነው።

እስቲ የቆይታው ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ጠጋ ብለን እንየው። ኮዬ ፈጬ አንድ ሳይት ላይ አርማታ የሚሸከም ልጅ አስቡ። ሰኞ ጠዋት ሲሸና ያቃጥለዋል። ማክሰኞ ፓንቱ ላይ መግል ያያል። ጤና ጣቢያ የሚሠራው ቀን ነው፣ እሱም የሚሠራው ቀን ነው፣ ከቀረ የቀን ክፍያው ይቀራል፣ ሁለት ቀን ከቀረ ደግሞ ፎርማኑ ሌላ ሰው ያስገባበታል። ስለዚ ማታ ፋርማሲ ይሄዳል፣ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ እህቱን የምታክል ስለሆነች ያፍርና "ሽንቴን አመመኝ" ብሎ ብቻ ይጠይቃል፣ ሲፕሮ ገዝቶ ይወጣል፣ ሦስት ፍሬ ውጦ ሻል ሲለው የቀረውን ያስቀምጠዋል። ጨብጥ ሲፕሮን በብዙ ሀገር ከተላመደው ቆይቷል። ደግሞ ምልክቱ ሳይታከምም በራሱ ጊዜ ሊቀንስ ይችላል፣ ባክቴሪያው ግን እዛው አለ። ልጁ ድኛለሁ ብሎ ያምናል። ሞዴሉ ውስጥ ግን አሁንም "የያዘው" ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ቀኑም እየተቆጠረ ነው።

የሴቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። ጨብጥ ከያዛቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አያዩም፣ ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ሲሆን ደግሞ አብዛኞቹ አያዩም። የኛ ሀገር ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታን በአብዛኛው የሚያክሙት በምልክቱ ነው፣ ፈሳሽ ካለ የዚህ መድኃኒት፣ ቁስል ካለ የዛ፣ ምክንያቱም ላብራቶሪው ሁሉም ጋ የለም፣ በሽተኛውንም ነገ ተመለስ ከማለት ዛሬውኑ ማከም ይሻላል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ግን ምልክት የሌላት ልጅ መጀመሪያውኑ አትመጣም። ጋርመንት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ፣ የሱ ጓደኛ ናት እንበል፣ ጤነኛ ነኝ ብላ ወራት ትቆያለች፣ ካልታከመ ወደ ላይ ወደ ማህፀንና ቱቦው ወጥቶ ከዓመታት በኋላ ልጅ መውለድ ሊከለክላት ይችላል። እንዲህ ባለ አሠራር እሷን ሊያገኛት የሚችለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ያ አርማታ የሚሸከመው ልጅ ታክሞ ስለሷ ሲናገር።

እዛ ጋ ነው ነገሩ የሚንጠለጠለው። ልጁ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል። ነርሷ "የወሲብ ጓደኛህም መታከም አለባት" ትለዋለች። "እሺ ሲስተር፣ ግን ባለቤቴ ሀገር ቤት ናት" ይላታል። "እዚህስ?" ስትለው መሬት መሬት ያያል። ጎበዝ የሆነች ነርስ ዝም ትላለች፣ አትቆጣም፣ ትንሽ ቆይታ "ስሟን አልጠይቅህም፣ ይሄን ወረቀት ስጣት፣ ይዛው ከመጣች ማንም ምንም አይጠይቃትም" ትለዋለች። ሞዴሎቹ ለዚህች ደቂቃ ትልቅ ክብደት ነው የሚሰጧት። ሄትኮት እና ዮርክም ያገኙት ይሄንኑ ነው፣ ዝም ብሎ ሰውን በጅምላ ከመመርመር ይልቅ የታመመውን ሰው ጓደኞች ተከትሎ ማከም ብዙ እንደሚያዋጣ። ጓደኛው ካልታከመች ደግሞ ልጁ ራሱ መልሶ ከሷ ይይዘዋል፣ መርፌው ባከነ ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው የሳጥን ሞዴል ነው፣ ሰዉን በጅምላ የሚቆጥር። ጉድለቱ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነና መቼ እንደሆነ አያውቅም። ለምሳሌ አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጓደኛ ነበረው፣ አንዷን ትቶ ነው ሌላዋን የያዘው። ከሁለተኛዋ በሽታ ቢይዘው ወደ መጀመሪያዋ አይመለስም፣ አልፏል። ሌላው ሰው ደግሞ ሁለት ጓደኛ አለው ግን አብረው ነው፣ አንዷ ሀገር ቤት አንዷ እዚህ፣ ወር ሲደርስ ይሄዳል ይመለሳል። ቁጥሩ እኩል ነው፣ ሁለት ሁለት። በሽታው ግን በሁለተኛው ሰው በኩል ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ይችላል። ማርቲና ሞሪስ እና ሚርያም ክሬትሽማር እ.ኤ.አ. በ1997 ይሄን በኮምፒውተር አስመስለው ሲያሰሉት፣ የጓደኛው ጠቅላላ ብዛት ሳይለወጥ መደራረቡ ብቻ ወረርሽኙን እንዴት እንደሚያፋጥነው አሳዩ። ይሄ ሀሳብ አፍሪካ ውስጥ ብዙ የኤችአይቪ ቅስቀሳ ያስነሳ ነው። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ አፍሪካ ኩዋዙሉ ናታል ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት አካባቢው ላይ ያለው የጓደኛ ብዛት እንጂ መደራረቡ ከአዲስ ኢንፌክሽን ጋር ሲያያዝ አላየሁም አለ። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም፣ እኔ ይሄን የማነሳው ሞዴል ያለውን ሁሉ ዝም ብላችሁ እንዳትውጡት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚቻል ነገር መሬት ላይ የሆነው ነገር ላይሆን ይችላል።

ማን ከማን ጋር የሚለውን ለማወቅ አጥኚዎች ማላዊ ውስጥ ሊኮማ የምትባል ትንሽ ደሴት ሄደው የሰባት መንደር ወጣቶችን ጠይቀው ካርታ ሠርተዋል፣ ስም በስም እያገናኙ። ብዙዎቹ ሰዎች ጥቂት ጓደኛ ብቻ ነበራቸው። ካርታው ሲያልቅ ግን ግማሽ የሚሆኑት በአንድ ትልቅ መረብ ተያይዘው ተገኙ፣ ሳይተዋወቁ። አንድ ሰው "እኔ እኮ ሁለት ሰው ብቻ ነው የማውቀው" ቢል እውነቱን ነው፣ ግን ሁለቱ ሌላ ሁለት ያውቃሉ። የዛሬ ኮምፒውተሮች ይሄን መረብ ከነሰዉ ያስመስሉታል፣ መቶ ሺህ ሰው ፈጥረው ለእያንዳንዱ እድሜ፣ ፆታ፣ ሰፈር፣ የትዳር ሁኔታ ሰጥተው፣ በየቀኑ እጣ እየጣሉ ማን ከማን እንደሚገናኝ፣ ማን እንደሚታመም፣ ማን እንደሚታከም እያዩ 20 ዓመት ያስኬዱታል። አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ ሺህ ጊዜ፣ ምክንያቱም እጣው በተጣለ ቁጥር ውጤቱ ትንሽ ይለያያል። ለዛ ነው ጥሩ ጥናት አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ የሚጽፈው።

በሞዴል ከተሠሩ ስሌቶች ዓለምን በጣም ያነቃነቀው የኤችአይቪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች አንድ ሞዴል አወጡ፣ እንደ ደቡብ አፍሪካ ባለ ቦታ ሰዉ ሁሉ በዓመት አንዴ ቢመረመርና ቫይረሱ የተገኘበት ወዲያው መድኃኒት ቢጀምር በአስር ዓመት ውስጥ አዲስ የሚያዘው ከሺህ አንድ በታች ይወርዳል የሚል። ልብ በሉ፣ ይሄም ያው ሦስተኛው ቁጥር ነው። ኤችአይቪ አይድንም፣ ግን መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ቫይረሱ ደሙ ውስጥ የማይታይ ከሆነ በወሲብ አያስተላልፍም፣ ስለዚ በሽታው ቢኖርም "ማስተላለፍ የሚችልበት ጊዜ" አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሙከራ ቶሎ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ለትዳር ጓደኛቸው ማስተላለፋቸው በ96 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምር አለ። ከዛ ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ በሰፊው ሲሞክሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት አዲስ ኢንፌክሽን ቢበዛ በ30 በመቶ ገደማ ነው የቀነሰው። ብዙ ነው፣ ብዙ ሰው ድኗል፣ ሞዴሉ ያለው ያህል ግን አይደለም። ምክንያቱ ሲታይ፣ መርማሪው ሲመጣ ወንዶቹ ቤት የሉም፣ ወጣቶቹ ሰፈር ይቀያይራሉ፣ በሽታው ከሌላ አካባቢ ይገባል። ሞዴሉ "ሰዉ ሁሉ" ሲል እነሱንም ቆጥሮ ነበር።

ይሄ ወደኛ ሰፈር ይመልሰኛል። ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ ናት። ጠዋት ወደ ዱከም ፋብሪካዎች የሚሄድ ሰው አለ፣ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ አለ፣ ማታ ሾፌሮች ያድራሉ፣ ሳይት ሲያልቅ ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እዚህ አድሮ ዱከም የሚሠራ ሰው ማደሪያው አዲስ አበባ ነው፣ የሥራ ቦታው ኦሮሚያ፣ ቢታመም ካርድ የሚያወጣው ከሁለት አንዱ ጋ ነው፣ ሪፖርቱም ወደዛው ይሄዳል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፣ ያኔ ኮዬ ፈጬ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር፣ የኮንዶሚኒየሙ እጣ የወጣው በ2011 ዓ.ም ነው። ስለዚ ሞዴል ለመሥራት የመጀመሪያው ጥያቄ፣ "ስንት ሰው አለ?" የሚለው፣ እዚህ ጋ ገና መልስ ይፈልጋል። የቤት ለቤት ጥናት የሚያንኳኳው በር ያለው ቤት ነው፣ ሳይት ላይ በቆርቆሮ ተከልሎ የሚያድር ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አይደርሰውም።

አማካይ እንዴት እንደሚሸፍን ደግሞ ከራሳችን ቁጥር እንየው። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ኤችአይቪ ያለባቸውን በሀገር ደረጃ 0.9 በመቶ ነው ያለው። አዲስ አበባ ብቻዋን 3.4፣ ጋምቤላ 4.8። 0.9 የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው በሽታው አልቋል ብሎ ይተኛል። አዲስ አበባም ራሷ ውስጥ ያው ነው፣ ቦሌና ቃሊቲ፣ አራት ኪሎና ቱሉ ዲምቱ አንድ ቁጥር ውስጥ ተጨፍልቀዋል።

ሌላው የዳታው ችግር ሰው ስለ ወሲብ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ወንድ ያበዛል፣ ሴት ትቀንሳለች፣ በየሀገሩ። ግን በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ያለ ግንኙነት በሁለቱም በኩል አንድ ተብሎ ነው መቆጠር ያለበት፣ ስለዚ የወንዶቹ ድምርና የሴቶቹ ድምር እኩል መምጣት አለበት። አይመጣም። ሞዴል የሚሠራ ሰው ቁጥሮቹ እስኪገጥሙ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ማድረግ አለበት፣ የቱን እንዳስተካከለ በግልጽ ካልጻፈ ሥራውን አትመኑት።

ጥሩ ዳታ መሰብሰብ አይቻልም ማለት ግን አይደለም፣ ከኛው ሰፈር አጠገብ ተሠርቷል። በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አቃቂ የፋይበር ፋብሪካ ሠራተኞችንና የወንጂ ስኳር ሠራተኞችን ከ1997 ጀምሮ ዓመታት ተከታትሏል፣ በየስድስት ወሩ ደም እየወሰደ፣ ስለ ኑሯቸውና ስለ ጠባያቸው እየጠየቀ። የኢትዮጵያውያን የሲዲፎር (በሽታን የሚከላከል የደም ሴል) መጠን ጤነኛ ሆነውም ከሌላው ዓለም ዝቅ እንደሚል በደንብ የታየው በዚህ ሥራ ነው። እነዛ ሠራተኞች ክንዳቸውን እየዘረጉ፣ የማይወራውን እያወሩ ነው ይሄን ያወረሱን፣ ዛሬ ግን አቃቂ ላይ ስንት ሰው ይሄን ያውቃል? ያን ጊዜ ሰዉን በአንድ ቦታ ማግኘት የተቻለው ፋብሪካው ቋሚ ስለነበር ነው። አሁን ብዙ ሠራተኛ ኮንትራት ነው፣ በደላላ ነው፣ ዓመት ሳይሞላ ሄዷል።

እና እኔ ለሰፈራችን ትልቅ ሞዴል ከመሠራቱ በፊት የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ሰው ምልክቱን ካየበት ቀን ጀምሮ ትክክለኛው መድኃኒት እስኪገባለት ድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ከላይ ባሰላነው ሰፈር ቁጥሩ ልክ አንድ የሚሆንበት የቆይታ መስመር 68 ቀን አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ በሽታው ይቀጥላል፣ ከዛ በታች ከሆነ ይጠፋል። የኛ ሰፈር መስመር ሌላ ቁጥር ነው የሚሆነው፣ ግን መስመር አለው። ጤና ጣቢያው በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ማታ 2 ሰዓት ቢከፍት ያ የቀን ሠራተኛ ስንት ቀን ይቀንስለታል? ፋርማሲ ያለችው ልጅ "ይሄ በኪኒን አይሆንም፣ እዚህ ጤና ጣቢያ ሂድ" ብላ ብትልከውስ? ለጋርመንት ሴቶቹ እዛው ፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ ምርመራ ቢገባስ? ሦስቱን ኮምፒውተር ላይ አስኪዶ የቱ ቶሎ ከመስመሩ በታች እንደሚያወርድ ማየት ይቻላል፣ ላፕቶፕ ይበቃል፣ ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ የሚሠሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አሉ። የጎደለው ጥሬ ቁጥሩ ነው። የታካሚው መዝገብ ላይ የመጣበት ቀን ይጻፋል፣ ምን እንደታዘዘለትም ይጻፋል። ከሱ ጎን አንድ ሌላ አምድ ይጨመር፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን።